777 የሚሉት ፈቃድ

የትምህርት ቤትዎን ድረ ገጽ በዎርድፕሬስ ሠርተው፣ ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር በጋራ ከሚከራዩበት ዘንድ አኑረውት እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን ፎቶግራፍ ሊጭኑ ሲሉ «ፈቃድ የለም» የሚል መልስ ይገጥምዎ ይሆናል። ያን ጊዜ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ «777 አድርገውና ተገላገል» ይላል። እባክዎ አይስሙት።

ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ይቈጠራል፤ ድምሩ 7 ነው። የፊተኛው አኃዝ ለፋይሉ ባለቤት፣ መካከለኛው ለቡድኑ፣ የኋለኛው ለቀረው ሁሉ ነው። «የቀረው» ማለት ደግሞ በዚያው ሰርቨር የተከራየው የማይታወቅ ጎረቤት ጭምር ነው። አከራዩ ደንበኞቹን በሚገባ ካልለያየ፣ የጎረቤቱን ገጽ የሰበረ ሌባ እርስዎ የለጠፉትን የተማሪዎች ውጤት እንዳሻው ሊለውጠው ይችላል። አንዳንዱ ሰርቨርማ 777 የሆነ ስክሪፕት ሲያገኝ «500» የሚል ስሕተት አሳይቶ አላስኬድም ይላል፤ ደግ አደረገ!

ለተራ ፋይል 644፣ ለፎልደር 755 ይበቃል፤ በፎልደር ላይ 1 ማለት ወደ ውስጥ መግባት ነውና። ይህም ሆኖ እንቢ ካለ ነገሩ ከቁጥሩ ሳይሆን ከባለቤቱ ነው። ፋይሉን በኤፍቲፒ ያስገቡት እርስዎ ሲሆኑ፣ ፒኤችፒ በሌላ ተጠቃሚ ስም ይሠራ ይሆናል። ይህን ማቃናት የሚችለው አከራዩ ነው። እንግዲህ «ፒኤችፒ በማን ስም ይሠራል? ፋይሎቼስ በማን ስም ተመዝግበዋል?» ብለው ይጻፉለት። እርሱም 777 ያድርጉ ካለዎ፣ ሌላ አከራይ ይፈልጉ።