በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈችው ቁጥር



አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቁልፉን ከተረከበ በኋላ የሚይዘው ወረቀትና እርሳስ ነው፤ ምን እንደሚጨምርበት ይዘረዝራል። እኔም ከወር በፊት፣ እዚህ ኮሎራዶ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በገዛሁ ማግስት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሐሳቤ በአንድ መኪና ሁለት ሥራ ማሠራት ነበር፤ በአንድ በኩል ከአስፓልት ወጥቶ የተራራ መንገድ መንዳት፣ በሌላ በኩል ከኋላ ተጎታች ቤት ይዞ ከቤተሰብ ጋር መጓዝ። ስለዚህ የብረት ፓራውልት፣ ዊንች፣ ፖርቶመጋላ፣ በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ተለቅ ያሉ ጎማዎችና የመኪናውን ቁመት ከፍ የሚያደርግ ሰስፔንሽን ጻፍኩ። ባለቤቴ ዝርዝሩን አንብባ «እኛስ የት ነው የምንቀመጠው?» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር። ሒሳቡን ስሠራው ግን ከዝርዝሩ ሁሉ ትክክለኛው ነገር የእርሷ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

በማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመኪናው የመጎተት አቅም ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። በርካታ አምራቾች የሚከተሉት ጄ2807 የተባለው መመዘኛ፣ መኪናው ተጎታቹን ይዞ፣ የአየር ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ ከተወሰነ ፍጥነት ሳይወርድ በአሪዞና የሚገኘውን የዴቪስ ዳም ዳገት እንዲወጣ ይጠይቃል። ጥብቅ ፈተና ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ስሌት መኪናው ውስጥ ተሳፍረዋል ተብለው የሚቆጠሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸውም ክብደት 68 ኪሎ ግራም ነው። ልጆች፣ ሻንጣና ድንኳን በሒሳቡ ውስጥ የሉም።

ለቤተሰብ ወሳኙ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ አይገኝም። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ ከጎማው የአየር ግፊት መጠን ጋር በአንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ የተሳፋሪዎችና የዕቃ ድምር ክብደት ከዚህ እንዳያልፍ ይላል። የእኔው 600 ኪሎ ነው። አምስት ነን፤ ከሻንጣችን ጋር 340 ኪሎ እንመዝናለን። ያሰብነው ተጎታች ሲጫን 2,300 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም መኪናው ይጎትታል ከተባለው 3,400 ኪሎ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። ነገር ግን ተጎታች ከኋላ ብቻ አይጎተትም፤ በማያያዣው በኩል መኪናውን ወደ ታች ይጫነዋል። ይህ ጫና ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊሆን ይገባል፤ ካነሰ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። 12 በመቶውን ብንይዝ 276 ኪሎ ነው። ከእኛ ክብደት ጋር ሲደመር 616 ይሆናል። አንዲት ብሎን ሳልጨምር በ16 ኪሎ አልፌአለሁ ማለት ነው።

ዝርዝሬን ስደምርበትስ? ፓራውልቱ 60፣ ዊንቹ 40፣ ፖርቶመጋላው 35፣ ድንኳኑ 60፣ የጎማዎቹ ጭማሪ 40፤ በድምሩ 235 ኪሎ። ቁመት ማሳደጊያውን ገና አልቆጠርኩም።

ብዙ ሰው የኋላው ክፍል ዝቅ ሲልበት ባሌስትራ ይደርባል ወይም በአየር የሚሞላ ሞላ ያስገጥማል። መኪናው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ባለቤቱም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። የፍሬኑ፣ የአክስሉና የሻሲው ወሰን ግን የነበረበት ነው፤ አምራቹ የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት በአንድ ኪሎ እንኳ አልጨመረም። የተፈታው ለዓይን የሚታየው ምልክት ብቻ ነው። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በኢንተርስቴት 70 የተጓዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዳገቱን የሚያወጣው ሞተሩ ነው፤ ቁልቁለቱን በደኅና ለመውረድ ግን ፍሬኑና ማርሹ የተሸከሙትን ክብደት መቻል አለባቸው።

በተጨማሪም ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። የተራራ መንገድ ከፍ ያለ ቁመት፣ ልል ሰስፔንሽንና አየሩ የተቀነሰ ጎማ ይወዳል፤ መጎተት ግን ዝቅ ያለ ቁመት፣ ጠንካራ ሰስፔንሽንና በሚገባ የተሞላ ጎማ ይፈልጋል። የጎማው ዲያሜትር በ5 በመቶ ሲያድግ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው በእውነት 105 ይሄዳል፤ ፍሬኑም የሚያቆመው ጎማ ይከብድበታል። ሁለቱንም እኩል ለማርካት የሚታቀድ መኪና ከሁለት ያጣ ይሆናል። ስለዚህ የዕቅድ መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝር መሆን የለበትም፤ «በዓመት ውስጥ ይህ መኪና ብዙ ቀን የሚሠራው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

የእኛ መልስ መጎተት ሆነ። ተጎታቹን ሲጫን 1,600 ኪሎ ወደሚደርስ ዝቅ አደረግነው፤ የማያያዣው ጫና 192፣ ከእኛ ጋር 532 ኪሎ። 68 ኪሎ ተረፈን። ከዚህ ውስጥ ለተጎታቹ ፍሬን መቆጣጠሪያ፣ ለማያያዣው፣ ለአየር መሙያው፣ ለአካፋውና ከጭቃ ማውጫ ሰሌዳዎቹ 45 ኪሎ መደብን። ጎማዎቹ በፋብሪካው ልክ፣ ነገር ግን ለድንጋይና ለጭቃ የተሠሩ ይሆናሉ። ዊንቹና ድንኳኑ ቀሩ፤ ተጎታቹ አልጋ እያለው ጣሪያ ላይ ድንኳን መጫን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይህ የአንድ ቤት ሒሳብ ቢሆንም ጉዳዩ የፖሊሲም ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ መኪናው ለመጀመሪያው ገዥ ከመሸጡ በፊት ከጠቅላላ የተፈቀደ ክብደቱ 1.5 በመቶ ወይም 45 ኪሎ ገደማ (100 ፓውንድ)፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ የሚያልፍ ዕቃ ከተጨመረበት፣ የበሩ ወረቀት እንዲታረም ግዴታ ነው። ከሽያጩ በኋላ ግን ግዴታው ያበቃል። ሻጩ ሰኞ 50 ኪሎ ቢጨምር ቁጥሩን ማረም አለበት፤ የሰፈሩ ጋራዥ ማክሰኞ 200 ኪሎ ቢጨምር ወረቀቷ የቀድሞውን ቁጥር እንደያዘች ትቀራለች። ከዓመታት በኋላ መኪናውን የሚገዛው ሰው የሚያነበው ያንኑ ቁጥር ነው።

ሌላው ዓለም በሌላ መንገድ ሄዷል። በጀርመን የተሽከርካሪውን የአገልግሎት ፈቃድ የሚነካ ለውጥ በመርማሪ መጽደቅና በሰነዱ ላይ መስፈር አለበት። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያለ ፈቃድ ሞተር ወይም ሻሲ መለወጥ ያስቀጣል። በአሜሪካ ይህን ሁሉ እንትከል ቢባል ብዙዎች በነፃነት ስም ይቃወማሉ፤ ተቃውሟቸውም ከንቱ አይደለም፤ የምርመራ ወጪና ወረፋ አለው። እኔ የምጠይቀው ግን ፈቃድ ሳይሆን መረጃ ነው። ለሻጩ የተደነገገው ግዴታ ለጋራዡም ይዘርጋ፤ ከ45 ኪሎ በላይ የጨመረ ሁሉ የጨመረውን ክብደት ጽፎ፣ የታረመ ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፍ። በማስታወቂያም የመጎተት አቅም በተጻፈበት ሁሉ የመጫን አቅሙ በእኩል ፊደል ጎን ለጎን ይጻፍ። ባለቤቱ ከዚያ በኋላ የሚወስነው አውቆ ይሆናል።

አዲስ አበባ ታክሲ የተሳፈርን ሁሉ «ትርፍ» የሚለውን ቃል በሁለት ትርጉም እናውቀዋለን፤ ለረዳቱ ገቢ፣ ለትራፊክ ፖሊሱ ጥፋት ነው። በማሻሻያ ገበያም እንዲሁ ነው፤ ገቢው ለሻጩ ሲሆን ትርፍ ጭነቱን ይዞ ቁልቁለቱን የሚወርደው ቤተሰቡ ነው። በመጪው ቅዳሜ አምስታችንም ተሳፍረን፣ ተጎታቹን አያይዘን፣ ወደ ጭነት መኪናዎች ሚዛን እንሄዳለን። ቀሪዋን 23 ኪሎ በምን እንደምንሞላት የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።