ሳይመረምሩ መጠገን

«ኔትወርክ የለም!» እዚህ ግቢ ከዚህች ዐረፍተ ነገር በላይ የሚደጋገም ካለ ንገሩኝ። ላብ ውስጥ አንዱ ይላታል፣ ሁላችንም ደብተራችንን ሰብስበን ውልቅ። ጋዜጠኛ ልንሆን የመጣነው እንኳ «መቼ ጠፋ? የማን ጠፋ? የማንስ ይሠራል?» ብለን አንጠይቅም።

ይህን ያስተዋልኩት ባለፈው ክረምት ነው። ጋዝጊብላ ቤተሰብ ጋ ሳለሁ የአጎቴ ልጅ ለሲሲኤንኤ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። ክፍያው በዶላር ነው፣ እሱ ደግሞ አንዴ ወድቋል። ራሱ እንደነገረኝ ከሰው ያገኘውን የጥያቄና መልስ ጥራዝ ሸምድዶ ነበር የገባው። አሁን ግን ላፕቶፑ ላይ፣ ፓኬት ትሬሰር በሚባለው ፕሮግራም፣ ደህና ኔትወርክ ይሠራና «በይ እስቲ አበላሺልኝ» ይለኛል። እሱ ፊቱን ያዞራል፣ እኔ አበላሻለሁ።

ማበላሸት ደግሞ ደስ ሲል! አንድ ቀን የአንዱን ኮምፒውተር ሰብኔት ማስክ አሳስቼ ጻፍኩ። ሌላ ቀን አንዱን የስዊች ፖርት ከቪላን 10 አውጥቼ ቪላን 20 ውስጥ ከተትኩት። የኬብሉ መብራት አረንጓዴ ነው፣ አይፒ አድራሻውም ልክ ነው፣ ፒንግ ግን አይመልስም። እሱ ከኬብሉ ጀምሮ፣ ፖርቱን፣ ቀጥሎ አድራሻውን እያየ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱንም አገኛቸው።

አንድ ማታ ግን ተንኮል አማረኝና ምንም ሳልነካ «ጨርሻለሁ» አልኩት። ፒንግ እንኳ ሳያደርግ የራውተሩን ኢንተርፌስ ዘጋ፣ ጌትዌይ ቀየረ፣ ቪላን ሰረዘ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደህናው ኔትወርክ ቀጥ አለ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም።

በኋላ ሲነግረኝ፣ ሲሲኤንፒ በሚባለው ቀጣይ ደረጃ ከ2002 እስከ 2012 ዓ.ም. ቲሹት የተባለ ራሱን የቻለ የብልሽት ፍለጋ ፈተና ነበር። ተፈታኙ መጠገን አይፈቀድለትም። ብልሽቱ የቱ መሣሪያ ላይ እንደሆነ፣ የቱን ቴክኖሎጂ እንደሚመለከት፣ መፍትሔውም ምን እንደሆነ ብቻ ይመልሳል። እንደኔ እንደኔ ይህ ከኛ ሙያ ምኑም አይርቅም። እኛ ግን «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» የሚሉትን ዘርዝረን ማርካችንን እንወስዳለን እንጂ ሄደን ፈልገን አናውቅም።

«ይሄ የአይቲ ልጆች ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ሲቋረጥ ዋግ ኽምራ የነበረ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የዘመድ ድምፅ ሲጠፋ ቦታውን ወሬ ይሞላዋል። የጠፋው መብራት ይሁን፣ መስመሩ ይሁን፣ ሰውየው ራሱ ይሁን ለይቶ የሚነግርህ ሰው ያኔ ከእህል እኩል ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። በየሴሚስተሩ ሆን ተብሎ ስህተት የተሰገሰገባቸው ዜናዎች ይሰጡን። ከማረማችን በፊት ስህተቱ የት እንዳለና ከየት እንደመጣ እናስረዳ። ከመሀላቸው ግን አንዱ ምንም ስህተት የሌለበት ይሁን፣ የቱ እንደሆነም አይነገረን።