ቸርኬው አብረቀረቀ፣ ፍሬኑስ?

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ መኪናን ራቁቱን የሚያስቀር መንገድ ነው። መጀመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ላይ በገብስ ማሳ መሐል ይኬዳል። ከዚያ ምድሩ በድንገት ይከዳና መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። አንኮበርን አልፎ ወደ አልዩ አምባ የሚዘልቅ ሰው በጠቅላላው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በድሮ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ግመሉን ቆላ ትቶ ዕቃውን በበቅሎና በሰው ጫንቃ የሚያወጣበት ዳገት ይኸው ነበር። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ “ሞዲፊክ” ተሠርቶ፣ ታጥቦና ተወልውሎ የወጣ መኪና እዚህ ሲደርስ ባለቤቱ ገንዘቡን የት እንዳዋለው ይታወቃል።

ስፖርት መኪና ሲባል በአብዛኛው ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ቀይ ፌራሪ ነው። የአገራችን ወጣት ስፖርት መኪና ግን ሌላ ነው። እሱ አቅሙ የፈቀደለትን ቶዮታ ገዝቶ ስፖርት የሚያደርገው በራሱ እጅ ነው። ይህንንም እንደ ቅንጦት ብቻ ማየት ተገቢ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1979 ብቅ ያለው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ፣ እኛ ዘንድ “ዲኤክስ” እየተባለ የሚጠራው፣ ክብደቱ አንድ ቶን የማይሞላ፣ በኋላ ጎማው የሚነዳ፣ ሞተሩም ማንኛውም ሜካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው መኪና ነው። ታናሽ ወንድሙ ኤኢ 86 እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 ድረስ የተሠራ ሲሆን፣ የጃፓን ወጣቶች በተራራ መንገዶቻቸው ላይ ስም ያወጡለት በርካሽነቱና በቀላልነቱ ነበር። ስለዚህ ዲኤክሱን ስፖርት መኪና አደርገዋለሁ የሚለው የእኛ ወጣት ዘሩን አልሳተም። የሳተው ቅደም ተከተሉን ነው።

ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ብቅ ብሎ ገበያውን ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ወጣቱ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሰፊ ቸርኬ ነው። ቀጥሎ የሚያጓራ ማርሚታ፣ ዓይን የሚያጠፋ መብራት፣ ግንድ የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ ይጠይቃል። በመጨረሻም መኪናው መሬት እንዲልስ ሞላውን በመጋዝ ያስቆርጣል። የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ ኩሽኔታና አሞርዛተር በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው አይነሳም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጓደኛ አይቶ አያደንቃቸውም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በ30 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር እዚህ 50 ቢሰጥ ነው። ቪትዝን የመሰሉት ኮምፒዩተር ያላቸው መኪኖች ቤንዚኑን በራሳቸው ይመጥናሉ፤ የሌለ አየር ግን አይፈጥሩም። የዲኤክሱ ካርቡራቶር ደግሞ መመጠኑንም አያውቅም። ለቆላ በተለካ ቀዳዳ የቆላውን ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። ውጤቱም ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላና የሚቃጠል ገንዘብ ነው። ቤንዚኑን የምትመጥነውን ትንሿን የናስ ቁራጭ በጠበበች መቀየርና የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል ከአንድ ማርሚታ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ለሰሜን ሸዋ ደጋ እውነተኛው “ሞዲፊክ” ይህ ነበር። ማርሚታው የሚጨምረው ድምፅ ነው፤ ዳገት የሚወጣው ደግሞ በድምፅ አይደለም።

ሌላም አለ። መኪና በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች እንደ መድኃኒት የተቆጠረ ልማድ ነው። ሞቃት አገር ላይ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አመዳይ በሚጥልበት በደብረ ብርሃን ግን ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩ ያለዕድሜው ያረጃል። በሌላ በኩል በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ አሮጌ የራዲያተር ክዳን ያለው መኪና ዳገት ላይ ቶሎ ይንተከተካል። ያኔ ጥፋተኛ የሚባለው ሞተሩ ነው። ጥፋቱ ግን ክዳኑ ነው።

ዋናው ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። “ዶት 4” የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውኃ ሲገባበት ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነው ሠሪዎቹ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር የሚሉት። ዓመታት የቆየ ዘይት የያዘ መኪና ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ፣ ሾፌሩም ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ሲለቅቀው፣ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መርገጫው እንደ ስፖንጅ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ሰፊና ከባድ ቸርኬ ሲጨመርበት ደግሞ ፍሬኑ የሚያቆመው ሸክም ይበልጥ ይጨምራል። የተቆረጠው ሞላ በበኩሉ ኮረኮንች ላይ የሚተጣጠፍበት ቦታ ስለሌለው ጎማው ከመከላከያው ጋር ይፋተጋል፣ የዘይት ቋቱም ድንጋይ ይመታዋል። መኪናው ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ሲወርድ ግን የቆረጠው ባለሙያ አብሮት አይወርድም።

እስካሁን የተባለው በጋራዥ የሚያልቅ ነው። በጋራዥ የማያልቀው የኢንሹራንሱ ነገር ነው።

አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን መድን ለሌላ ሰው ጉዳት እንጂ ለባለ መኪናው ንብረት የሚከፍል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። የራሱን መኪና ማዳን የሚፈልግ ሰው ሙሉ ኢንሹራንስ ይገባል። ብዙው ወጣት ይህን ካደረገ በኋላ “ተኛሁ” ይላል። ይሁንና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም. ሲሻሻልም የኢንሹራንስ ክፍሉ ባለበት የቀረው፣ ኢንሹራንስ ገቢው አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን ነገር ሁሉ እንዲናገር ያስገድደዋል። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ከውሉ በኋላ አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ከመጣም ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሞተር መቀየር፣ ቱርቦ መጨመር፣ ሞላ መቁረጥ አደጋን የሚያባብስ ለውጥ ካልሆነ ሌላ ምን ሊባል ነው? በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር አንድ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። ለውድድርና ለፍጥነት ሙከራ የዋለ መኪና በተለመደው ፖሊሲ እንደማይሸፈንም ፖሊሲውን ያነበበ ያውቀዋል። የሚያነበው ግን ስንቱ ነው?

በዚህ ላይ የገበያው ነገር ተጨመረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ከባድ ሸክም አሸከማቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ብሩም አቅሙ ወረደ። በዚህ ሁሉ መካከል የአሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በብዙ ሰው ፖሊሲ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ከዓመት ዓመት እየተገለበጠ ባለበት ቆመ። ባለ መኪናው አረቦኑ እንዳይጨምር ዝቅ ያለውን ቁጥር ይመርጣል። ነገሩ ሲሰላ እንዲህ ነው። 1,600,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ800,000 ብር ኢንሹራንስ ገብቷል እንበል። 300,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ኩባንያው ግማሹን ዋጋ ብቻ ስለ መድነ የሚከፍለው ግማሹን፣ ማለትም 150,000 ብር ነው። ከዚያም ላይ የራስ ድርሻ ይቀነሳል። ለቸርኬ፣ ለመብራትና ለሙዚቃ የወጣው 100 እና 200 ሺህ ብር ደግሞ በፖሊሲው ላይ ተለይቶ ካልተጻፈ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የሙዚቃው ማጉያ በእጅ የተቀጠለ ሽቦ እሳት ካስነሳማ ጥያቄው ሌላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ያኔ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ሰው አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የታየው ሁኔታ የሚታወቅ ነው። የተለመደው የመኪና ፖሊሲ ጦርነትንና የሕዝብ ሁከትን ከሽፋኑ ውጭ ያደርጋል። ይህን የሚሸፍን ውል ለብቻው በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ነው። መንገድ ላይ የተቃጠለ መኪና ባለቤት ይህን የሚሰማው ካሣ ጠይቆ ደብዳቤ ሲደርሰው ከሆነ፣ የሸጠለት ወኪል ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

ወጣቱን ብቻ መውቀስ ታዲያ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። መንግሥት በ1968 ዓ.ም. ኢንሹራንሱን ሁሉ ጠቅልሎ በአንድ ድርጅት ካደረገ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ለግል ባለሀብቶች በሩን ሲከፍት፣ ተስፋ የተደረገው ፉክክሩ አዲስ አዲስ አገልግሎት ያመጣል ተብሎ ነበር። የሆነው ግን በአብዛኛው በአረቦን ቅናሽ መሻማት ነው። መኪናው በግልጽ ተለውጦ፣ ባለቤቱም ደረሰኙን ይዞ ቢመጣ “ይህን ያህል ጨምርና ይሸፈንልህ” የሚል የዋጋ ሠንጠረዥ ያዘጋጀ ኩባንያ ቢኖር ገበያ አያጣም ነበር። በሌላው ዓለም ለተለወጡ መኪኖች ብቻ የሚሠሩ መድን ሰጪዎች አሉ። ባለቤቱ ያወጣውን ይዘረዝራል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ በዋጋው ይስማማሉ። እዚህ ግን እውነቱን የተናገረው ደንበኛ አረቦን ይጨመርበታል ወይም “አንቀበልህም” ይባላል። ዝም ያለው ይስተናገዳል፤ ካሣ በጠየቀ ቀን ግን ይባረራል። በዚህ አሠራር ዝምታን የሚያስተምረው ማን ነው?

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ያልፋል ወይ የሚል ይኖራል። በከፊል ያልፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ደብረ ብርሃን ላይ ጉልበቱ አይቀንስም። ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ የአንኮበር መንገድ ለእርሱ የተሠራ ይመስላል። የባትሪው ዋጋ ግን ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዝ፣ ሥሩ በድንጋይ የተመታ ባትሪ የኢንሹራንስ ክርክሩን ከሞላ መቁረጥ የባሰ ያደርገዋል። ደግሞም አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች በአንድ ጀምበር አይጠፉም። አዲስ ስለማይገባ ያለው እየተጠገነ ይኖራል፣ ዲኤክሱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ገዢዎችም ይህን ማወቅ ጀምረዋል። ልምድ ያለው ደላላ የተቆረጠ ሞላና የተበጣጠሰ ሽቦ ያየበትን መኪና ዋጋውን ይሰብረዋል እንጂ አይጨምርለትም። ለቸርኬው የወጣው ገንዘብ ሲሸጥ አይመለስም። ቸርኬውን ፈትቶ ለብቻው መሸጥ ይሻላል። የአገልግሎት ደረሰኞቹን፣ የፍሬን ዘይት የተቀየረበትን ቀንና የሞተር ዘይት የተለወጠበትን ኪሎ ሜትር በአንድ ደብተር ይዞ የቀረበ ሻጭ ግን ከዋጋው ብዙም ሳይወርድ ይሸጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ያለው ሰው ገንዘቡ እዚያ ደብተር ውስጥ አለ።

ለአሁኑ የኢንሹራንስ ማመልከቻ ቅጾች በአብዛኛው የሚጠይቁት የሠሌዳ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የስሪት ዘመንና ዋጋ ነው። ሞላው ስለ መቆረጡ የሚጠይቅ መስመር ይጨመርባቸው ቢባል የሚፈጀው ቀለም አንድ መስመር ነው።