ስለ ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ አመራረጥና አያያዝ



በዚህ ወር የምንመልሰው ጥያቄ አንዲት እናት የላኩልን ነው። በአሜሪካ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው ለእኅቱ ሠርግ በሚመጣበት ጊዜ አንዲት ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ሊያመጣላቸው አስቧል። የትኛው ዓይነት ይሻላል ብሎ ቢጠይቃቸው ግን መልስ አጡ። ደግሞም ስልክ በየሰው እጅ በሚገኝበት በዛሬው ጊዜ ካሜራ መግዛት ትርፍ ወጪ እንዳይሆን ይሠጋሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ወላጅ እናታቸውም በሠርጉ ዕለት ተቀርጸው እንዲታዩላቸው ይመኛሉ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት በገዛ ቤቴ የደረሰውን ነገር ልናገር። ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ነው፤ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዳችን በካሴት የሚሠራ ካሜራ ሰጥቶን ነበር። የታናሽ እኅቴ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በተነሣች ጊዜ እንግዶቹን፤ ድግሱንና ዘፈኑን ሁሉ በአንድ ካሴት ቀረጽሁ። በማግስቱ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ አያታችን ቡና እያፈሉ ስለ ልጅነታቸው፤ ስለ አባቶቻቸው ስምና ስለ ተነሡበት አገር ሲጫወቱ፤ ብዙም ሳላስብበት በሌላ ካሴት ሩብ ሰዓት ያህል ቀረጽኋቸው። በዚያ ካሴት ላይ ምንም ነገር አልጻፍሁበትም፤ በላዩ እንዳይቀዳበት የምትከለክለውንም ትንሽ መዝጊያ አልገፋኋትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ነው ብዬ ያንኑ ካሴት አንሥቼ የጎረቤት ሠርግ ቀረጽሁበት።

አያታችን ካረፉ በኋላ ካሴቱን ባየነው ጊዜ ሠርጉ አለቀና በመጨረሻው ላይ አሥር ሴኮንድ የማትሞላ የአያታችን ቃል ተርፋ ተገኘች። «ሦስተኛውን ሳትጠጡ እንዳትነሡ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው። ዛሬ የክርስትናውን ድግስ ለማየት የሚጠይቅ ከቤታችን ሰው የለም፤ ያችን የጠፋች ሩብ ሰዓት ግን የማይፈልጋት የለም። ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ስለዚህ ካሜራ ሲመረጥም ሆነ ሲያዝ የሚከተለው ምክር ከዚህ ጥፋት የተገኘ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ካሜራውና ካሴቱ በአንድነት ሆነው ለቤተ ሰብ መሸጥ የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ሶኒ ያወጣው ቤታሙቪ የተባለው ነው። በትከሻ የሚሸከሙት ነበር፤ የቀረጸውንም ራሱ መልሶ ለማሳየት አይችልም ነበር። ብዙም ሳይቆይ የፊልሟ ስፋት ስምንት ሚሊሜትር የሆነች ትንሽ ካሴት ስለ ወጣች ካሜራው በአንድ እጅ የሚያዝ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ሚኒ ዲቪ የተባለችው ዲጂታል ካሴት ተከተለች። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ካሴቱ ጨርሶ እየቀረ በሜሞሪ ካርድ የሚቀርጸው ዓይነት ተስፋፋ። ስለዚህ ዛሬ ካሜራ የሚገዛ ሰው በካርድ የሚሠራውን ይግዛ፤ በካሴት የሚሠራው በርካሽ ዋጋ ቢገኝም እንኳ ለአዲስ ሥራ አይመከርም።

ስልክ ካለ ካሜራ ለምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ እንዲህ ነው። ጥሩ ስልክ ያለው ሰው ለአጭር ጊዜ ቀረጻ ካሜራ መግዛት የለበትም። ካሜራ የሚጠቅመው ረጅም ሰዓት ለሚቀርጽና ከሩቅ ለሚቀርጽ ሰው ነው። ስልክ በቀረጻ መካከል ሊጠራ ይችላል፤ ባትሪውም ሲያልቅ ሥራው ይቆማል። ካሜራ ግን ሌላ ሥራ የለበትም፤ ባትሪውና ካርዱም በቅጽበት ይለወጣሉ። ይሁን እንጂ ስልክ ገበያውን ስለ ወሰደው አዲስ የሚሠሩት ትንንሽ ካሜራዎች ከቀድሞው ቁጥራቸው አንሷል፤ ብዙ ሰው የሚያገኘውም ሌላ ሰው የተገለገለበትን ነው። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሃያ ደቂቃ ሳያቋርጥ ቀርጾ ሥዕሉንም ድምፁንም መልሶ ይመልከት፤ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙሮ ሻጋታ እንደሌለበት ይይ፤ ለዚያ ዓይነት ካሜራ ባትሪ ዛሬም በገበያ መገኘቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

በምርጫ ጊዜ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች አምስት ናቸው።

አንደኛው ድምፅ ነው። ገዢዎች ሁሉ ስለ ሥዕሉ ጥራት ሲጠይቁ ስለ ድምፅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ካሜራው የውጭ ማይክሮፎን የሚሰካበት ቀዳዳና በጆሮ እያዳመጡ የሚቆጣጠሩበት ሌላ ቀዳዳ ቢኖረው እጅግ መልካም ነው። ሥዕሉ ደብዘዝ ቢል ሰውዬው ይታወቃል፤ ቃሉ ካልተሰማ ግን የተናገረው ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ማቅረቢያው፤ ማለት ዙም የሚባለው ነው። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ አያስተማምንም። ጠቃሚው ኦፕቲካል የሚባለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ሩቁን ያቀርባል። ዲጂታል የሚባለው ግን የተቀረጸውን ሥዕል ማስፋት ብቻ ስለሆነ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ኦፕቲካሉ ሃያ እጥፍ ያህል ከሆነ፤ በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ ሕዝቡን ሳይጋፉ ከዳር ቆሞ ለመቅረጽ ይበቃል።

ሦስተኛው የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርመው መሣሪያ ነው። ይህም በሌንሱ ውስጥ ያለ ክፍል እጅ ወደ ሄደበት በተቃራኒው እየተንቀሳቀሰ ሥዕሉን የሚያረጋጋ ሲሆን፤ በተለይ ከሩቅ ለመቅረጽ አስፈላጊ ነው።

አራተኛው የካርዱ መጠን ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ጥራት በሴኮንድ 24 ሜጋቢት ሲቀርጽ በሰዓት 11 ጊጋባይት ያህል ይፈጃል፤ እንግዲህ 32 ጊጋባይት ካርድ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ፎር ኬ የሚባለው ግን በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ከሆነ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይጠይቃል። ለቤት አገልግሎት ፉል ኤችዲ ይበቃል፤ «ከማን አንሼ» ተብሎ ማኖሪያ የሌለውን ነገር መቅረጽ ጥበብ አይደለም።

አምስተኛው በተለይ ከአሜሪካ ለሚመጣ ካሜራ የሚያስፈልግ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሕፈት መኖሩን ልጁ ከመግዛቱ በፊት ይመልከት፤ ለጠፍጣፋው የሶኬት እግርም ክብ እግር ያለው መቀየሪያ ይያዝ። ደግሞም በሴኮንድ 60 ሥዕል የሚያነሣው ካሜራ በእኛ አገር አምፖል ሥር ሲቀርጽ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም የሚል ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ወደ 50 የሚለወጥ ካሜራ መምረጥ ነው፤ ይህ ካልተገኘ ሻተር የሚባለውን ፍጥነት በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ላይ ማድረግ ነው።

አኹን ደግሞ ወደ አያያዙ እንለፍ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፤ ካሜራውን በሠርጉ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሣ ሰው ሠርጉን ያበላሻል። አስቀድሞ አንድ ሳምንት በቤት ይለማመዱበት። ክርኖቻችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ፤ ግድግዳ ካለ ተደገፉ፤ ረጅም ጨዋታ ከሆነ ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ አኑሩት። አንዱን ነገር ቢያንስ አሥር ሴኮንድ ሳትንቀሳቀሱ ያዙ፤ እየተራመዱ ማቅረብና ማራቅ ተመልካችን ያዞራል። መስኮቱ በተቀራጩ ፊት እንጂ በስተኋላው አይሁን፤ በስተኋላው ከሆነ ፊቱ ይጠቁራል።

ለድምፅ ሲባል ከተናጋሪው ከአንድ ሜትር ተኩል አትራቁ። ራዲዮውንና ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ቡና የሚወቀጥ ከሆነ ወቀጣው እስኪያበቃ ታገሡ። ከደጅ የምትቀርጹ ከሆነ ነፋሱ በማይክሮፎኑ ላይ በቀጥታ እንዳይመታ ጀርባችሁን ወደ ነፋሱ አዙሩ።

ቀረጻው ሲጀመር ዕለቱ፤ ቦታውና የተቀራጩ ስም በቃል ይነገር። ካሜራው የሚጽፈው የአውሮፓውያንን ቀን ነው፤ ሰዓቱም ከእኛ አቆጣጠር በስድስት ይለያል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያይ የልጅ ልጅ ግን «ዛሬ የሚካኤል ዕለት ነው፤ ያለነው በእናታችን ቤት ነው» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁሉን ይረዳል።

ሽማግሌን ወይም አሮጊትን የምትቀርጹ ከሆነ «በሉ ይናገሩ» አትበሏቸው፤ እንዲህ ያለ ቃል አፍ ያስይዛል። ከካሜራው አጠገብ አንድ የልጅ ልጅ ይቀመጥና ትንንሽ ነገር ይጠይቅ። እንጀራ መጋገር ማን አስተማረዎት? በልጅነትዎ ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? የእናትዎ እናት ስማቸው ማን ነበር? ከዚህ በኋላ ትልቁ ነገር ራሱ ይመጣል።

ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ነውር ነው። የሚያለቅስን ሰው፤ የቤት ውስጥ ጠብን፤ የሚታጠብ ሕፃንን አትቅረጹ። በቤት የተቀረጸውንም በውስጡ ካሉት ሰዎች ፈቃድ ውጭ ለሕዝብ አታውጡ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክርስትና ወይም ተክሊል ለመቅረጽ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ካህናቱን ያስፈቅድ፤ ወደ መቅደሱ አይጠጋ፤ በጸሎት ላይ ያለውን ሰው ፊት በመብራት አይምታ።

ከሁሉ በላይ ግን የተቀረጸውን መጠበቅ ያስፈልጋል። ካርድ መቅረጫ እንጂ ማኖሪያ አይደለም። በዚያው ዕለት ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ፤ ሁለተኛው ቅጂ በሃርድ ዲስክ ሆኖ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ረጅም ቀረጻ ብዙ ጊዜ ከ4 ጊጋባይት በማይበልጡ ክፍሎች ተቆርጦ ስለሚቀመጥ፤ አንዱን ክፍል ሳይሆን ማኅደሩን በሙሉ ገልብጡ። በማኅደሩም ላይ ዓመተ ምሕረቱን፤ ወሩንና የሰዎቹን ስም ጻፉ። ሁለቱም ቅጂዎች ተከፍተው ሳይታዩ ካርዱ አይደምሰስ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ እነዚህም ቅጂዎች ተከፍተው ይታዩ፤ ሃርድ ዲስክም እንደ ማናቸውም መሣሪያ ያረጃልና።

በቤታችሁ የቆየ ካሴት ካለ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው ፋብሪካ፤ የጃፓኑ ፉናይ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል። ካሴቱ ደኅና ቢሆንም እንኳ የሚያነብበው መሣሪያ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ይሄዳል።

እንግዲህ ለጠያቂያችን እናት የምንመልሰው ይህ ነው። ልጅዎ የሚያመጣው ካሜራ የማይክሮፎን ቀዳዳ ያለው፤ ዙሙ ኦፕቲካል የሆነ፤ ወደ 50 የሚለወጥና ቻርጀሩ በእኛ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሁን። ሁለት ባትሪና ሁለት ካርድ ይጨምርበት። ከቀረጻውም አንዱን ቅጂ ይዞ ወደ አሜሪካ ይመለስ፤ ከዚያ የራቀ ሁለተኛ ቤት አይገኝምና።

ስለ ወላጅ እናትዎ ግን የሠርጉን ቀን አይጠብቁ። በሠርግ ዕለት እርሳቸው በሕዝብ መካከል ተቀምጠው ይታያሉ እንጂ ድምፃቸው በዘፈኑና በእልልታው ተውጦ አይሰማም። ካሜራውም እስኪመጣ አይቆዩ። በቤትዎ ካሉት ልጆች የአንዱን ስልክ ወስደው፤ በዚህ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ እናትዎን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ያስቀምጧቸውና ግማሽ ሰዓት ያጫውቷቸው። በማግስቱም በሁለት ቦታ ያስገልብጡት፤ ስማቸውንም ይጻፉበት። ካሜራው ሲመጣ የሚጨምረው ይጨምራል፤ ዋናው ነገር ግን ቀድሞ ተገኝቷል።

በሚመጣው ወር በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ድረስ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።