«ማን ይጠይቅሃል?»

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ምህንድስና ልትማሩ ስትገቡ የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። «ፈርም፣ ማን ይጠይቅሃል?» የሚለውን ምክር አትቀበሉ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የምግቡና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶው የተማሪው ዕዳ ነው። ቀሪውን አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው እናት ጭምር በግብሯ ትሸፍናለች። ታዲያ የማንን ገንዘብ ነው የምንክደው?

ዕዳውን ፈርታችሁም ትምህርቱን አትተዉ። ከደመወዝ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ 10,000 ብር የሚያገኝ 1,000 ብር ቢከፍል አይሰበርም። የሚያስፈራው አንድ የሚሠራ ፕሮግራም እንኳ ሳይጽፉ መመረቅ ነው። ቀጣሪ የሚፈልገው ሙያ ነው፤ ሥራ ከሌለ ዕዳው ባለበት ይቆያል። ግንብ ሊሠራ እንዳሰበው ሰው አስቀድማችሁ አስሉ፤ ስትቀጠሩም ሳትጠየቁ ክፈሉ።