ሰሜን ኮሪያና የጄኔቫው ውል

በ1953 (እ.ኤ.አ.) የኮሪያ ጦርነት ተኩስ ከቆመ ወዲህ የሰላም ውል ሳይፈረም፣ የአገሩን ሀብት ለሠራዊትና ለጦር መሣሪያ እያዋለ ተነጥሎ የኖረው የሰሜን ኮሪያ መንግሥት በዛቻ ብቻ ጠባዩን ይለውጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ያለፈውን ታሪክ አለመመርመር ነው።

በ1994 ከአሜሪካ ጋር በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት የዮንግብዮን የኑክሌር ማብላያ እንዲቆም፣ በምትኩም በየዓመቱ 500,000 ቶን ነዳጅ እንዲሰጥና ሁለት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች እንዲሠሩ ቃል ኪዳን በተገባ ጊዜ፣ አሜሪካ፣ ደቡብ ኮሪያና ጃፓን ለዚሁ ያቋቋሙት ድርጅት የባላንጣ ሕዝቦችን መሐንዲሶች በአንድ የሥራ ቦታ አገናኝቶ ነበር፤ ማብላያውም ስምንት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ መቆየቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከብዙ ማዕቀብ የበለጠ ፍሬ ነው። ነዳጁ ግን ዘገየ፣ ግንባታው ተጓተተ፣ ፒዮንግያንግም በስውር ዩራኒየም ታበለጽጋለች ተብላ ተከሰሰች፤ በ2002 መጨረሻ ማብላያውን ይከታተሉ የነበሩት ዓለም አቀፍ ተቆጣጣሪዎች ተባረሩ።

ሌላው የትብብር ሥራ፣ የኬሶንግ የኢንዱስትሪ መንደር እንኳ፣ ከ50,000 በላይ የሰሜን ሠራተኞች ከደቡብ ኩባንያዎች ጋር የዋሉበት ሥፍራ፣ በ2016 ተዘጋ።

በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ደም የፈሰሰበት ምድር ጉዳይ ለእኛ ባዕድ አይደለምና፣ መንግሥታት ለተራበው ሕዝብ የሚሰጠውን እህል ከፖለቲካ ድርድር ለይተው፣ የሐኪሞችንና የግብርና ሊቃውንትን ጉዞ ፈቅደው፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበትን የጋራ ሥራ እንደገና በትዕግሥት እንዲጀምሩ አጥብቀን እንማልዳለን።