ደባልን በዝምድና መቁጠር

የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሞች በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችን ቁጥር በዝምድና እንዳይገድቡ የሚከለክለውን ሕግ ስታጸድቅ፣ የቀድሞው ገደብ ደጋፊዎች ያነሡት አንዱ መከራከሪያ የሰፈር ጸጥታ ነበር። ዝምድና የሌላቸው ከሦስት በላይ ሰዎች አብረው እንዳይኖሩ ያዘዘው የፎርት ኮሊንስ ከተማ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ በብርቱ መፈጸም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ቤትን በክፍል በክፍል ለሚከራዩ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተለይ ከብዶ ኖሯል።

የጸጥታው መከራከሪያ ግን የሚያስተባብለው ራሱ ደንቡ ነው። ጩኸት፣ የመኪና መጨናነቅና የቆሻሻ ክምር የሚሰሙ፣ የሚታዩና በየራሳቸው ሕግ የሚያስቀጡ ሆነው ሳለ፣ ደንቡ ከእነዚህ አንዱንም ሳይለካ ዝምድናን ብቻ ይቆጥር ነበር፤ በዚህም አምስት መኪና ያላቸው ስምንት ዘመዳሞች ያለ ሥጋት ሲኖሩ፣ በእግራቸው የሚመላለሱ አራት ተማሪዎች ሕገ ወጥ ይሆኑ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ስድስት የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከራዩት ቤት ምክንያት በተነሣው ክርክር ለቤል ቴር መንደር ሲፈርድ፣ ዳኛ ተርጉድ ማርሻል የመንደሩ ተመሳሳይ ደንብ የዘመዳሞችን ቁጥር ጨርሶ እንደማይገድብ በልዩነት ሐሳባቸው አመልክተው ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያው መከራከሪያ ሳይሻሻል መቅረቡ ትዕግሥትን ይፈታተናል።

የገደቡ ከባድ ጉዳት የሚታየው ስሙ በውል ላይ በማይሰፍረው ድብቅ ደባል ላይ ነበር። አራተኛው ተማሪ ድርሻውን ለጓደኞቹ እየከፈለ ቢኖርም፣ የዋስትና ገንዘቡን ለመጠየቅ የሚያቀርበው ሰነድ አልነበረውም፤ ማሞቂያው ቢበላሽ ወይም የጭስ ማስጠንቀቂያው ባይሠራም፣ ተቆጣጣሪ መጥራት ራስን ማስወጣት ስለሚሆንበት ዝም ይል ነበር። ለደኅንነት ወጣ የተባለ ደንብ ለአደጋ ቅርብ የሆነውን ሰው ከጥበቃ ውጭ ማድረጉ በቀላሉ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም።

ገደቡ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ግን ወደ ውሉ ይዞራል። የአንድነትና የነጠላ ኃላፊነት በሚባለው ውል፣ ማለትም እያንዳንዱ ተከራይ ለመላው ኪራይ ተጠያቂ በሚሆንበት አሠራር፣ አንዱ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ዕዳው በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ በክፍል የሚደረግ ውል ከዚህ ሲያድን፣ የባዶ ክፍሉን ኪሳራ የሚሸከመው ባለቤት ሥጋቱን በዋጋው ላይ ሊጨምር ይችላል። አራተኛው ክፍል በይፋ ሲከራይ የሦስቱን ድርሻ ያቀልል እንደሆነ፣ ወይስ ባለቤቱ የአንዱን ሰው ዋጋ ሳይቀንስ በአራት ያባዛው እንደሆነ ሕጉ አይወስንም፤ ቤት በማይበቃባት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ደግሞ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው።